ከመርፌው በፊት ፋሻው ይፈታ

«አዲስ አበባ ሄዶ ጉልበቱን ያስቀየረ ሰው ተኩሶት መጣ፤ ሴፍትሪያክሶን ልጀምርለት?» አዲስ የተመደበ የጤና መኮንን እንዲህ ሲጠይቅ መልሱ «ከተሠራ ስንት ቀኑ ነው?» ከሚል ጥያቄ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት 38 ዲግሪ ቢሞላው አብዛኛውን ጊዜ ኢንፌክሽን አይደለም፤ የተቆረጠው አጥንትና የተጠራቀመው ደም ያመጣው ነው። ውርጌሳ ጤና ጣቢያ የደረሰ ታካሚ ግን እነዚያን ቀናት ሆስፒታል አሳልፏቸዋል። ከ2 ሳምንት በኋላ ሲያተኩሰው በሀብሩ ቆላ፣ ይልቁንም ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባ ይጠረጠራል፤ ደሙ ይታይ። ጥፋቱ ወባ ተገኘ ብሎ ፋሻውን ሳይፈቱ መሸኘት ነው። ወባ የያዘው ሰው ቁስሉ አያመረቅዝም ያለ የለም፤ ያመረቀዘ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያም ጨርሶ ላያተኩስ ይችላል። ከሳምንት በላይ የሚያዥ ስፌት፣ ጋብ ብሎ የነበረ ሕመም መባባሱ፣ ትናንት የረገጠበትን እግር ዛሬ ማንሳት ማቃቱ ከቴርሞሜትሩ የበለጠ ይናገራሉ። ሲአርፒ የተባለው የደም ምርመራ ቢገኝም የሚነበበው አካሄዱ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጣሪያ ነክቶ ይወርዳል፣ ወርዶ መልሶ ከወጣ ያሠጋል። ወባም ከፍ ስለሚያደርገው ብቻውን አይፈርድም። ሌላው የደም ምርመራ፣ ኢኤስአር፣ ለወራት ሳይወርድ ስለሚቆይ እዚህ ላይ እምብዛም አይረዳም።

እንደ ሴፍትሪያክሶን ያለ የችኮላ አንቲባዮቲክን አጥብቄ የምቃወምበት ምክንያት አለኝ። ባክቴሪያው ብረቱና ፕላስቲኩ ላይ ባዮፊልም የሚባል ሽፋን ሠርቶ ይደበቃል፤ መድኃኒት ብቻውን አይነቅለውም። መርፌው ትኩሳቱን ያበርዳል፣ ቤተሰብ ይመርቃል፤ በኋላ ከጉልበቱ የተቀዳው ፈሳሽ ግን ካልቸር ላይ ምንም ላያበቅል ይችላል፣ ቀዶ ሐኪሙም በግምት ያክማል። በጊዜ ቢደረስበት ተከፍቶ፣ ታጥቦ፣ ፕላስቲኩ ብቻ ተቀይሮ ሊተርፍ ይችል የነበረው መገጣጠሚያ ሲዘገይ ብረቱ ጭምር ይወጣል።

«ካልቸር በሌለበት አገር መጠበቅ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ግፊቱ የወረደ፣ ትንፋሹ የተፋጠነ፣ የሚቃዥ ታካሚ ላይ ትክክል ናቸው፤ እሱ መድኃኒቱን ወስዶ በአምቡላንስ ይሂድ። ሌላው ግን ደህና ተቀምጦ የሚያወራ ነው፤ ውርጌሳም የደሴ–ወልድያ አስፋልት ላይ ናት። ካልቸር የለም ማለት ታካሚው ካልቸር ወዳለበት ይላክ ማለት እንጂ ማስረጃው ይጥፋ ማለት አይደለም። ጤና ጣቢያው ውስጥ መርፌ ሰክቶ ፈሳሹን ለመቅዳት መሞከርም አይገባም፤ ንጹሕ የነበረውን መገጣጠሚያ ሊበክል ይችላል። ማዘዣ ከመጻፉ በፊት ቀዶ ሕክምናውን ለሠራው ሐኪም ይደወል። የመውጫ ወረቀት የምትጽፉ ባልደረቦችም የሚነሣ ስልክ ቁጥር ጻፉበት።