ቀለሃውን ገልብጡት

ከቀለሃ የተሠራ አምባር አንስቶ «አቤት ሲያብረቀርቅ!» የሚል ገዢ ያናድደኛል። አመድና ሎሚ የነካው ናስ መቼ ሳያብረቀርቅ ቀርቶ ያውቃል! በማግኔት ብረቱን ከናሱ መለየት ደግሞ የልጅ ሥራ ነው፤ የክላሽ ቀለሃ አብዛኛው ብረት መሆኑን ወሎ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም።

ሥራው የሚለየው ከቀለሃው ቂጥ ነው። እዚያ ባሩዱን የምትለኩስ ትንሽ ቆብ አለች። የጠመንጃው መርፌ የመታት ትሰረጉዳለች፤ ያልተሰረጎደች ገና አልፈነዳችምና እሳት ውስጥ ትፈነዳለች። የዛሬ ልጆች ግን ጆንያውን እንዳለ ማቅለጫው ላይ ይገለብጡታል!

ቆቧ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለችም። የኤም ዋን ቀለሃ ትልቁን፣ ወደ 5.3 ሚሊ ሜትር የሚሰፋውን ይይዛል፤ የኤም 16 ትንሹን፣ ወደ 4.4 የሚሆነውን። ሁለቱም ውስጣቸው መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ስላላቸው ቀጭን ምስማር በአፋቸው ገብቶ ቆቧን ገፍቶ ያወጣታል። ከመሃል ወጣ ያሉ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ቀለሃ ግን በምስማር እሺ አይልም። የመጀመሪያው አሠራር በእንግሊዛዊው ቦክሰር፣ ሁለተኛው በአሜሪካዊው በርዳን ይጠራል፤ የሚገርመው አሜሪካ የእንግሊዙን፣ አውሮፓ ለረጅም ጊዜ የአሜሪካኑን መያዛቸው ነው። እነዚህን ሳይለይ የሚቀጠቅጥ ሰው ምስማሩን ያጣምማል፤ ይሰለችና ቆቧን እንዳለች ያቀልጣታል። በድሮ ጥይት ቆብ ውስጥ ሜርኩሪ አለ፤ ናሱን ያሰባብረዋል፣ ጭሱም መርዝ ነው። በኋለኞቹ ብዙዎች ውስጥ እርሳስ አለ።

እዚያው ወሎ፣ ቦረና ውስጥ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ሦስት ቁና ደርድረው ይቀመጡ ነበር፤ ለትልቁ፣ ለትንሹ፣ እምቢ ላለው። ያልተሰረጎደውን ከቤት አውጥተው ያርቁታል። ወናፍ የሚነፋው ልጅ ቢቸኩል «ገልብጠህ እየው፣ ልጄ» ይሉታል እንጂ አይቆጡም። እሳቱንም አያበዙም። የጥይት ናስ ከመቶ 70 እጁ መዳብ፣ 30ው ዚንክ ነው፤ ከልክ ያለፈ እሳት ዚንኩን ነጭ ጭስ አድርጎ ያበረዋል፣ የቀረውም ይቀላል። ይህንኑ ቅላት ነው ገዢ «ወርቅ ይመስላል» ብሎ የሚያደንቀው!

እንጦጦ ላይ ከቀለሃ ዶቃ የሚሠሩ ሴቶች አሉ፤ የነሱንም ሆነ የማንንም ስትገዙ ጆንያውን አሳዩን በሉ። ቀለሃውን ሳይለይ ከሚያቀልጥ ሰው በነፃም አትቀበሉ።