«አትፍራ» በባዶ ሆድ

መቼም «አትፍራ» የሚለው ቃል ያልተለጠፈበት ቦታ የለም። የታክሲ መስታወት ላይ አለ፤ የሱቅ ካላንደር ላይ አለ፤ በየማለዳው በስልክ ይላካል። በዚህ ላይ አንድ ስሌት ተጨምሮበታል። ቃሉ በመጽሐፍ ቅዱስ 365 ጊዜ ስለተጻፈ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ደርሶናል ይባላል። ከመድረክ ሲነገርም ሰምቻለሁ፤ ተጨብጭቦለታል። ቆጥሮ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ደግሞስ ስሌቱ እውነት ቢሆን፣ በየአራት ዓመቱ የምትመጣዋ ጳጉሜን 6 ምን ልትሆን ነው? በእሷ ቀን መፍራት ተፈቅዶልናል ማለት ነው?

የቁጥሩስ ነገር ይቅር። እኔን ያሳሰበኝ ፍርሃትን እንደ ጥፋት መቁጠራችን ነው። ከሥራ የተቀነሰ፣ አከራዩ «ጨምር ወይም ልቀቅ» ያለው፣ የልጁን የምርመራ ውጤት የሚጠብቅ ሰው ለእምነት ወንድሞቹ «ፈርቻለሁ» ሲል ምን ይሉታል? «እምነትህ የት ሄደ?» ይሉታል። ሰውየው ፍርሃቱን እንደያዘ፣ ኀፍረት ተጨምሮለት ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሳምንቱ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ድል ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ጭራሽ ይቀራል። ለምን ቀረ ብሎ በሩን የሚያንኳኳ ግን የለም።

እስቲ ራሱን መጽሐፉን እንየው። አጋር ከነልጇ ተባርራ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ስትንከራተት ውሃዋ አለቀ። ልጇ ሲሞት ላለማየት ራቅ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። «አትፍሪ» የተባለችው ያን ጊዜ ነው። ልብ በሉ፣ ነገሩ በቃል ብቻ አላበቃም፤ የውሃ ጉድጓድ ታያት፣ አቁማዳዋን ሞልታ ልጇን አጠጣች።

የኤልያስ ታሪክ ደግሞ ይብሳል። በቀርሜሎስ ተራራ ያን ሁሉ ድል ያየ ነቢይ፣ ኤልዛቤል ስትዝትበት ነፍሱን ሊያድን ሸሸ። ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦም መሞትን ለመነ። የዛሬ ሰባኪ ቢያገኘው ስንት ሰዓት ይገሥጸው ነበር! መልአኩ ግን አልተቆጣውም። በፍም የተጋገረ እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ዳግመኛ ቀሰቀሰውና ብላ አለው፤ መንገዱ ሩቅ ነውና። ከዚያ በኋላ ነው እስከ ኮሬብ የሄደው።

«የሚያምን ሰው ምንም አይነካውም» የሚለውም ስብከት አያዋጣንም። ቄስ ጉዲና ቱምሳ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ነበሩ። ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው ሕዝባቸውን ጥለው ለመሄድ እምቢ አሉ። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ለዓመታት ታስረዋል። እምነታቸው ከአደጋ አላስመለጣቸውም፤ አደጋ እያለ በቦታቸው ለመቆም ግን አበቃቸው። በእኔ ግምት ከክርስትና የሚጠበቀው ድፍረትም ይኸው ነው። ሰው ሆዱ እየተላወሰ በማግስቱ ሥራ ፍለጋ ከወጣ፣ ልጁን ይዞ ሐኪም ፊት ከቀረበ፣ አምኗል።

የሚገርመው ይህን ነገር ሳናውቀው ቀርተን አይደለም። ሰው ሲሞት እናውቅበታለን። ንፍሮ እንቀቅላለን፣ እንጀራ እንልካለን፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር አብረን እናድራለን። ማንም «ለምን አለቀስክ?» አይለውም። ሰው በቁሙ ተስፋ ሲቆርጥ ግን ጥቅስ ልከን እንገላገላለን። ለለቅሶ ቤት ያለን ደግነት ለሕያው ሰው ሲሆን የት ይገባል?

ኤልያስ «ብቻዬን ቀረሁ» ብሎ ሲያማርር ሥራም ሰውም ተሰጥቶታል፤ ኤልሳዕ ተከተለው፣ አገለገለውም። እንግዲህ ነገ አንዱ መጥቶ «ፈርቻለሁ» ቢላችሁ፣ አደራ፣ ስለ እምነቱ መጠን ከመመርመራችሁ በፊት ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። አብራችሁም ብሉ። ጸሎቱ ከዚያ ይቀጥላል።