በነባር ድርጅት ውስጥ ስለሚፈልቅ አዲስ ሐሳብ

ኤም-ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የመላኪያ ዘዴ ሲወሳ፥ ምስጋናው አብዛኛውን ጊዜ ሐሳቡን በቮዳፎን ኩባንያ ውስጥ ላፈለቁት ሠራተኞች ይሰጣል። እኛ ግን ይህ አስተያየት ጎደሎ ነው እንላለን።

አንደኛ፥ ለሙከራው ከወጣው ገንዘብ ከፊሉን የሰጠው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። ሁለተኛ፥ በ2005 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በኬንያ ሙከራው የተጀመረው የአነስተኛ ብድር አከፋፈልን ለማቃለል ነበር፤ ተበዳሪዎቹ ግን እርስ በርስ ገንዘብ መላላኪያ አደረጉት። ሳፋሪኮም በ2007 አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት የተከተለው የእነርሱን መንገድ ነው። የሠራተኞቹ ብልኅነት ይህን አስተውለው ዕቅዳቸውን መለወጣቸው ነው።

እንግዲህ መንገዱን ያሳየው ተገልጋይ የመላኪያው ዋጋ ሲቆረጥ ድምፅ ሊኖረው አይገባምን? አገልግሎቱ በ2023 ወደ አገራችንም ስለ ገባ፥ ጥያቄው የእኛም ነው።