የጀሞ ሠርግና የተቀባዩ ድምፅ

ስለ ቴአትር ሲነገር በቅድሚያ የሚታሰበው መጋረጃ፣ መብራትና በወንበር ላይ የተደረደረ ተመልካች ነው። ይሁን እንጂ የሀገራችን ሕዝብ መጋረጃና ወንበር ሳያስፈልገው ለብዙ ዘመን ሲጫወተው የኖረ ታላቅ ቴአትር አለው፤ እርሱም ሠርግ ነው። ሠርግ ገጸ ባሕርያት አሉት፤ ግጭትና ዕርቅ አለው፤ አልባሳት፣ ዜማና ውዝዋዜ አለው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ታዳሚው ራሱ ተዋናይና ደራሲ የሚሆንበት መድረክ ነው። ስለዚህ ሠርግን የመብልና የመጠጥ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ቆጥሮ ማለፍ የሕዝቡን የፈጠራ ሥራ አሳንሶ ማየት ይሆናል። ይህ ቴአትር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንደሚገኝ ለመመርመር በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚገኘው ከጀሞ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል።

በቅድሚያ ጊዜው ራሱ ሊጤን ይገባዋል። በሀገራችን አቆጣጠር ፀደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ወቅት ነው። በባሕረ ሐሳብ ስሌት መሠረት ፋሲካ ከመጋቢት 26 ቀድሞ ወይም ከሚያዝያ 30 ዘግይቶ ስለማይውል ምንጊዜም ከፀደይ አይወጣም። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም ሲፈታ ተዘግቶ የቆየው የተክሊልና የቁርባን ጋብቻ ደጅ ይከፈታል፤ በቀጣዩ በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ለደጋሹም ለተጋባዡም ይመቻል። ከጥር ቀጥሎ ሚያዝያና ግንቦት የሠርግ ወራት የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ከገጠር የመጣ ዘመድ እንዳይመላለስ ሲባልም የአንዱ ልጅ ሠርግ ከሌላው ቀለበት፣ ወይም ከሕፃን ክርስትና ጋር እንዲጎራበት ይደረጋል። ግንቦት 1 ቀን ሲደርስ ደግሞ ለልደታ ንፍሮው ከደጅ ተቀቅሎ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይበላዋል። እንግዲህ ፀደይ የተበተነ ቤተሰብ እንደገና ተሰብስቦ ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ጎደለ የሚቆጥርበት ወቅት ነው።

የጀሞ መድረክ የራሱ የሆነ መልክ አለው። ቀድሞ እርሻ በነበረው በዚህ መሬት ላይ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ አማካይነት ጀሞ 1፣ ጀሞ 2 እና ጀሞ 3 የሚባሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች ተሠሩ። ነዋሪውን በአንድ ብሎክ ያገናኘው ዝምድናም ሆነ ትውውቅ ሳይሆን ዕጣ ነው። ከልዩ ልዩ ሰፈር ተነሥቶ የመጣ፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገር፣ በልዩ ልዩ ሃይማኖት የሚያመልክ ሕዝብ በአንድ ደረጃ ይወጣል፤ በአንድ ደረጃ ይወርዳል። መሐንዲሶቹም ቢሆኑ ይህ ሕዝብ አርዶና ጠምቆ የሚደግስ መሆኑን አልዘነጉም። ለእርድ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ የሚሆን የጋራ መገልገያ ቤት፣ በነዋሪው አጠራር ኮሚዩናል፣ ከመኖሪያ ሕንፃዎቹ ጎን አቁመዋል።

በሠርግ ሰሞን እዚህ ቤት ውስጥ ከሌሊት ጀምሮ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ዶሮ ይገነጠላል፤ ድፎ ይደፋል። መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ የእድር ድንኳን ይተከላል። በትናንትናው ሳምንት ለቅሶ የተቀመጡበት ድንኳን ዛሬ እልልታ ይሰማበታል፤ የእድሩ ወንበር፣ ብረት ድስትና ሰሃንም እንዲሁ። ለክርስቲያኑና ለሙስሊሙ ጎረቤት እርዱ ለየብቻ ተዘጋጅቶ ማዕዱ በአንድ ድንኳን ይቀርባል። በየፎቁ መተላለፊያ ላይ የሚቆመው ጎረቤትም ሳይጠራ የቴአትር ቤት ሰገነት የያዘ ያህል ቁልቁል ይመለከታል። የቦታው ጥበት ያስቸግራል፤ ሆኖም አዲስ የተዋወቀ ሕዝብ ራሱን በራሱ ኅብረተሰብ የሚያደርገው በዚህ ጥበት ውስጥ ነው።

የዚህ ቴአትር ዋነኛ ትዕይንት የደጅ ክርክር ነው። ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር ሲደርስ የሙሽሪት ወገን በር ይይዛል። በጀሞ የሚያዘው የግቢ በር ሳይሆን የብሎኩ ደረጃ ነው። አንዲት አውጪ ግጥም ትጥላለች፤ ተቀባዮቹ በጭብጨባና በከበሮ አዝማቹን ይመልሳሉ። የሙሽራው ወገን በበኩሉ ይመልሳል፤ ይለምናል፤ ይፎክራል፤ ሽቶ ይረጫል። የሚዜው ቁመት፣ የአማቹ ስስት፣ የአጎትየው አርፍዶ መምጣት ሁሉ በግጥም ይነካል። የማይነገረው ይነገራል፤ የተነካውም ስቆ ያልፋል። በሁለት ቤተሰቦች መካከል ያለው ጥርጣሬና ፉክክር በጠብ ፋንታ በጨዋታ ይወጣል። የሠርግ ዘፈን ጥበብ ያለው እዚህ ላይ ነው። ግጥሙ የሚወለደው ከቦታው፣ ከሰዓቱና ከፊት ከቆመው ሰው ነውና ትናንት በሌላ ቤት የተባለው ለዛሬው አይበቃም።

ይሁን እንጂ ይህን ጥበብ ማድነቅ ጉድለቱን መሸፈን አይደለም። በነባሩ ሠርግ ሁሉም ሲናገር ዝም የምትለው ሙሽሪት ነበረች። ስለ እርሷ ይዘፈናል፤ ስለ እርሷ ይሸመገላል፤ እርሷ ግን ተሸፋፍና፣ አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች። በአማቾቿ ቤት አዲስ ስም የሚወጣላትም ሳትጠየቅ ነበር። ቴአትሩ የቆመው በዋናዋ ገጸ ባሕርይ ዝምታ ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሀገራችን ደራስያን ይህን ጉድለት በመግለጥ ረገድ ወደ ኋላ አላሉም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት «የልብ አሳብ፤ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የጋብቻን ልማድ በምክር መልክ መረመሩት። መንግሥቱ ለማ በ1950ዎቹ «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በተሰኙት ኮሜዲዎቻቸው ጠለፋንና የዘር ኩራትን በሣቅ ገረፉ። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ለሕዝብ ባቀረበው «ድፍረት» ፊልም፣ ጠላፊዋን በመግደሏ የተከሰሰችን የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ከእውነተኛ ጉዳይ ተነሥቶ አሳየ። በኮሜዲው ያሳቀው ጠለፋ በፊልሙ ሲታይ አያስቅም። ይህም የሁለቱ ጥበበኞች ልዩነት ብቻ ሳይሆን ኅብረተሰቡ በመካከሉ የተጓዘውን መንገድ የሚያመለክት ነው። ሕጉም በዚያው መንገድ ተጉዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት አድርጎት የነበረውን የጋብቻ ዕድሜ የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል።

እነዚህ ሥራዎች ዐይናቸውን ያሳረፉት «ማን መረጠ?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። ጥያቄው በየስፍራው መልስ አግኝቷል ማለት አይቻልም። በጀሞ ግን ብዙውን ጊዜ ሙሽሪት ባሏን የመረጠችው ራሷ ናት። ሽማግሌ የሚላከውም ያለቀውን ጉዳይ በወግ ለማሳረግ ነው። ሙሽሪት ዛሬ ቀና ብላ ትሄዳለች፤ ትስቃለች፤ ትጨፍራለች። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው፤ ስለ ጥንቱ ሠርግ ውበት የሚቆረቆር ሁሉ ይህን ሳይቀበል ቢናገር ሊሰማ አይገባውም።

አሁን የተነሣው ጥያቄ «ማን ይዘፍናል?» የሚለው ነው። በጀሞ ድንኳን ጥግ ሰው የሚያህል ሞንታርቦ ይቆማል። የሠርገኛው ዘፈን በሌላ ዘመን፣ ለሌላ ሙሽራ፣ በስቱዲዮ የተቀዳ ነው። ደረጃው ሲያዝ አውጪዋ አፏን ከመክፈቷ በፊት ማጉያው ይቀድማታል፤ ተቀባዩም እጁን ያጨበጭባል እንጂ የሚመልሰው ቃል የለውም። የቪዲዮ ባለሙያው ደግሞ ሳይሾም አዘጋጅ ሆኗል። ሙሽሮቹ የወላጆቻቸውን ጉልበት ሲስሙ መብራቱ አልተስተካከለም ብሎ እንደገና ያስማቸዋል። አባት በመጀመሪያው ምርቃት ያነባል፤ በሁለተኛው ግን ካሜራውን ያያል። አያቲቱ የሰነቀችው ምርቃት በሞንታርቦው ጩኸት ተውጦ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ሙሽሪት ተናጋሪ በሆነችበት ዘመን ሕዝቡ ዝም እንዲል ተደረገ ማለት ነው።

ለዚህ ማሽኑን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። ሞንታርቦ የሚያስፈልገው ተጋባዡ ስለ በዛ ነው፤ ካሜራም በስደት ያለ ወንድም የእኅቱን ሠርግ እንዲያይ ያደርጋል። የኪነት ዓለሙም የበኩሉን ድርሻ ሊቀበል ይገባዋል። በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር መድረክ ጀምሮ የሠርግ ዘፈን በሠለጠኑ ተወዛዋዦች ለተቀመጠ ተመልካች ሲቀርብ ኖሯል። ይህ ዜማውን ከሀገር ሀገር አስተዋውቋል፤ ሊመሰገንም ይገባዋል። ነገር ግን መድረኩ አዝማቹንና ውዝዋዜውን ሲያነሣ የደጁን ክርክር፣ የቅጽበቱን ግጥም ከኋላው ትቶታል። ሕዝቡ የራሱን ዘፈን በሌላ ሰው አፍ መስማት የተማረው በድንኳን ውስጥ ብቻ አልነበረም።

የጉዳቱ ልክ የሚታወቀው መብራት ሲጠፋ ነው። ሞንታርቦው ጸጥ ሲል አንዲት እናት ከበሮ ታነሣለች፤ ከበሮ ከሌለም ጀሪካን ይመታል። ወዲያው ድንኳኑ ይነቃል። አዝማቹን ሕፃን ሽማግሌው ሁሉ ያውቀዋል፤ የኦሮሞው፣ የጉራጌው፣ የአማራው፣ የወላይታው ዜማ እየተቀባበለ ይሄዳል። ዕጣ ያገናኘው ሕዝብ አንዱ የሌላውን አዝማች ለምዶታልና። ይህ የጥንቱ ደጅ ያልነበረው ሀብት ነው። ነገር ግን ጥቂት እንደ ተዘፈነ ዜማው ይላላል፤ የሚጎድለው አውጪ ነውና። ግጥም የሚያወጡት ሁለት ሦስት አሮጊቶች ሲደክሙ ወጣቱ አንዱኑ አዝማች ደጋግሞ ያቆማል። እንግዲህ የሞተው ዜማው አይደለም፤ አዝማቹም አይደለም። እየሞተ ያለው ከፊት የቆመውን ሰው አይቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ለእርሱ ብቻ የሚሆን ሁለት ስንኝ የመግጠም ችሎታ ነው።

ይህ ችሎታ በቅርስነት ተመዝግቦ የሚድን አይደለም፤ የሚድነው በተግባር ብቻ ነው። የቋንቋ መምህር ተማሪዎቹ ከአያቶቻቸው የሠርግ ግጥም እንዲለቅሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳቸው ጎረቤት እንዲገጥሙ ሊያደርግ ይችላል። የባህል ሠራተኛው የሠርግ ዘፈን ትርኢት ሲያዘጋጅ ተመልካቹ የሚመልስበትን ቦታ ሊተውለት ይገባል። ጸሐፌ ተውኔቱም ደጅ የተያዘበት ሠርገኛ ከሚናገረው የተሻለ የምልልስ ትምህርት ቤት በቀላሉ አያገኝም። ደጋሹ ቤተሰብም ቢሆን ደረጃው በሚያዝበትና ምርቃቱ በሚሰጥበት ሰዓት ሞንታርቦውን ቢያዘጋ ምንም ወጪ የለበትም።

ነባሩ ሠርግ ለሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሙሽሪትን ዝም አሰኘ፤ የዛሬው ለሙሽሪት ድምፅ ሰጥቶ ሕዝቡን ዝም አሰኘ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ የሚል ሂስ ከንቱ ነው። የሚፈለገው ሙሽሪት ራሷ በብሎኩ ደረጃ ላይ ቆማ ግጥም የምታወጣበት፣ ድንኳኑም የሚመልስላት ሠርግ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁሉ በጀሞ አለ፤ ደረጃው፣ ድንኳኑ፣ ከበሮውና ልዩ ልዩ አዝማች የሚያውቀው ሕዝብ። የጎደለው አውጪ ናት፤ እርሷንም ማፍራት የሚቻለው የሚያውቁት አሮጊቶች በሕይወት ሳሉ ነው።