ሰማይ ያየ፣ ውሃ ያላየ ፊልም

«የዳርዊን ቅዠት»ን አይቶ የወጣ ሰው፣ ዓሣ ለመብላት ሳምንት ቢፈጅበት አይፈረድበትም። ኦስትሪያዊው ሁበርት ዛውፐር እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ይህ ዘጋቢ ፊልም፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው የታንዛኒያ ከተማ በምዋንዛ የተቀረፀ ነው። የናይል ፐርች ሥጋ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለአገሬው ይቀራል። ያ ትርፍራፊ ትል እያፈላ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ካሜራው ዓይኑን አይሰብርም። ደግ አደረገ!

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ዛውፐር ሰማዩን ማየት አበዛ። አውሮፕላን ይወርዳል፣ አውሮፕላን ይነሣል፤ ሲመጣ መሣሪያ ጭኖ ይሆን? አንዱ አብራሪ ወደ አንጎላ ታንክ ማጓጓዙን ሲናዘዝ እንሰማለን፤ ምዋንዛ የወረደ መሣሪያ ግን አናይም። ተመልካቹም ጥፋቱ ሁሉ በክንፍ የመጣ መስሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ሐይቁን የጎዳው ግን በጎ ሐሳብም ጭምር ነው። ናይል ፐርች በኛው ጫሞ ሐይቅ ቤተኛ ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ግን በ1950ዎቹ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን፣ «ዓሣው ይብዛ» ተብሎ የተለቀቀ እንግዳ ነው። እንግዳው ባለቤቶቹን በላ። 200 ያህል የትንንሽ ዓሣ ዝርያዎች እንደጠፉ ይገመታል፤ ከነሱ መካከል ዋቅላሚ እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩ ነበሩ። ትንንሾቹን ፀሐይ ያደርቃቸው ነበር፤ ቅባታሙ ናይል ፐርች ግን በጭስ ካልሆነ አይደርቅም። ጭስ ደግሞ እንጨት ይፈልጋል። ደኑም ተከተለ።

ዛሬ ይሄን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እዚያው ሐይቅ ላይ ሌላ በጎ ሐሳብ መጥቷል፦ ቆሮሶ የምንለውን ቲላፒያ በተንሳፋፊ የመረብ ቤት ማርባት። በ2010ዎቹ መጨረሻ በኬንያ በኩል ብቻ የመረብ ቤቶቹ ከ3,000 በልጠው ነበር። ሥራ ይፈጥራል፣ ምግብ ይሆናል፤ አልክድም። ነገር ግን መረብ ግድግዳ አይደለም። ያልተበላው መኖና ኩሱ በቀጥታ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ፎስፈረሱ ዋቅላሚውን ያፋፋዋል፤ ዋቅላሚው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በኖቬምበር 2022 በኬንያ በኩል በመረብ ያሉ ዓሦች በገፍ ሞቱ፤ ተመራማሪዎች ኦክስጅን ያጣ ውሃ ከሥር ወደ ላይ መውጣቱን በምክንያትነት አነሡ። የዱሩ ዓሣ እንዲህ ያለ ጊዜ ይሸሻል፤ የታሠረው የት ይግባ?

መኖውስ ከምን ይሠራል? ከፊሉ ዳጋ ከምትባለው ትንሽ ዓሣ ነው፤ ድሃው በርካሽ ገዝቶ ልጆቹን ከሚያበላት። በፊልሙ ሥጋው ለሩቁ፣ አጥንቱ ለአገሬው ነበር። አሁን ደግሞ ትንሿም ዓሣ ወደ መኖ ፋብሪካ እየሄደች ነው። ትርፉ የባለ መረቡ፣ ቆሻሻው የሁሉ!

መረቡ ይቃጠል አልልም። ስንት መረብ፣ በምን ያህል ጥልቀት፣ ውሃውንስ ማን ይለካል? መረቡ ከመወርወሩ በፊት ይሄ ይመለስ። ዛውፐር ካሜራውን ከአውሮፕላኑ አውርዶ ውሃው ውስጥ ቢነክረው ኖሮ፣ ጥያቄው ያኔውኑ በተነሣ ነበር።