ለአንድ ክፍል ቤት የሚሆን ኮምፒዩተር፤ ስለ ዕቃ አመራረጥ የቀረበ ሂስ

በባሕር ማዶ የሚዘጋጁት የኮምፒዩተር ዕቃ ዝርዝሮች በተማሪዎች ዘንድ እጅ በእጅ ሲዘዋወሩ እናያለን። ዝርዝሮቹ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ሰው ለቤቱ የምትሆን ትንሽ ኮምፒዩተር ለመገጣጠም ፕሮሰሰሩን፥ ማዘርቦርዱን፥ ራሙን፥ ኤስኤስዲውንና ፓወር ሰፕላዩን ለየብቻ እንዴት እንደሚመርጥ ያስተምራሉ። በብልኀት የተዘጋጁ መሆናቸውን አንክድም። ዳሩ ግን ሁሉም የሚነሡት ከአንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በአንድ ዶላር ምን ያህል ፍጥነት ይገዛል የሚለው ነው። በቂርቆስና በካዛንቺስ ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ጥያቄ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሆኖ የሚመጣ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም ብለን ስለምናምን ይህን አጭር ሂስ ለአንባቢያን እናቀርባለን።

ዋጋውን እንመልከት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ተመን ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ፥ 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያ በፊት የተጻፈው የዋጋ ምክር ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ። ደግሞም በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከሎቻቸው ራም በብዛት ስለ ፈለጉ ዋጋው በዓለም ገበያ ናረ። ዕቃውን አንድ በአንድ የሚሰበስብ ሰው የእያንዳንዱን ጭማሪ ይከፍላል። ትንሽነትም ራሱ ያስከፍላል፤ 17 በ17 ሳንቲ ሜትር የሆነችው ማዘርቦርድ ከታላላቆቿ ይልቅ ዋጋዋ ብዙውን ጊዜ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ ትንሽነቱ ለእኛ የጌጥ ነገር አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሩአቸው ቤቶች ነው፤ «ካዜ» ማለት ቤቶች ሲሆን «ኢንቺስ» የአሠሪው ድርጅት ስም ምሕፃር ነው። ከጊዜ በኋላ ግን በሰፈሩ አንድ ክፍል ለመኝታም፥ ለማዕድም፥ ለጥናትም የሚያገለግልባቸው ቤቶች በዙ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ በኮሪደር ልማት ምክንያት ሲፈርስ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄዷል። እንግዲህ ኮምፒዩተሩ ከረከቦቱ ጎን የሚቀመጥ፥ ባስፈለገም ጊዜ በነጠላ ተጠቅልሎ በክንድ የሚያዝ ቢሆን ይመረጣል።

ለዚህ ሁሉ የሚስማማው፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ከመሥሪያ ቤት ወጥቶ የሚሸጠው ያገለገለ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮ፥ የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ፥ የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፥ ሁሉም 18 በ18 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸውና ውፍረታቸው 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነ፥ እንደ መጽሐፍ የሚያዙ ናቸው። የዝርዝር አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚነቅፉት ሊያድግ አይችልም ብለው ነው። ነቀፌታው እውነት ነው፤ ትልቅ የጌም ካርድ አይገባበትም። ለቤተሰብ የትምህርት ሥራ፥ ለጽሑፍና ለፊልም ማየት ግን የጌም ካርድ ምን ያደርጋል?

የእኛ ምክንያት ሌላ ነው። እነዚህ ትንንሾች የሚበሉት የላፕቶፕ ዕቃ ነው። ራማቸው የላፕቶፕ ራም ነው፤ ኀይል የሚያገኙትም እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ባለ 19 ወይም 20 ቮልት አዳፕተር ነው። በከተማችን ደግሞ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው በየሕንፃው አለ። ከእነርሱ ከፍ የሚሉት የመሥሪያ ቤት ሣጥኖች ግን ብዙዎቹ ለራሳቸው ብቻ የተበጀ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው፥ በተቃጠለ ጊዜ ልኩን መፈለግ አድካሚ ነው። ባሕር ማዶ ሆኖ ዝርዝር የሚጽፈው ሰው የተበላሸውን በፖስታ አዝዞ ይተካል፤ እዚህ ግን ዕቃው መመረጥ ያለበት በሚበላሽበት ቀን ታስቦ ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ እናክል፤ የአዳፕተሩ ጫፍና ዋቱ መግጠም አለበት፥ ዴልም የራሱን አዳፕተር ካላወቀ ፕሮሰሰሩን ያዘገያል።

ወደ ፕሮሰሰሩ እንምጣ። (በሱቅ ሣጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ብሎ መጥራት ተለምዷል፤ እኛ የምንለው ግን ውስጥ ያለችውን ቁራጭ ነው።) ገዢው «አይ ስንት ነው?» ሲል ይጠይቃል፥ ሻጩም «አይ 7» ብሎ ይኮራል። ይህ አነጋገር ከማናቸውም ይልቅ ገንዘብ ያባክናል። አይ 7-7700 ባለ 4 ኮር ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ በመጣው ትውልድ አይ 5-8500ቲ ባለ 6 ኮር ሆኖ ሙቀቱ በ35 ዋት የተወሰነ ነው። እንግዲህ መነበብ ያለበት ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር ነው፤ 8 ብሎ የሚጀምረው ስምንተኛ ትውልድ፥ 10 ብሎ የሚጀምረው ዐሥረኛ ነው። ስምንተኛው ድንበር ነው፤ ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ከዚያ በታች ያለውን አይቀበልም፥ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሰባተኛውን በርካሽ ያገኘ ሰው ሊኑክስ ቢጭንበት ያገለግለዋል፤ ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ስለ ገባ አማርኛ መጻፍ ለሁለቱም ችግር አይደለም። 8 ጊጋ ራም በአንድ ቁራጭ ተገዝቶ ሁለተኛው ቦታ ለወደፊቱ ቢተው፥ ኤስኤስዲውም 256 ጊጋ ቢሆን ይበቃል።

ከሁሉ በላይ የምንከራከርበት ነገር መብራት ነው፤ በዝርዝሮቹ ውስጥ አንድም ቃል ያላገኘነው ስለዚህ ነው። በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የተለመደ ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት፥ ማለት 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ግማሹ ባክኖ 42 ቢቀር፥ 20 ዋት የምትበላ ኮምፒዩተርና 20 ዋት የሚበላ ሞኒተር አንድ ሰዓት ያህል ይሠሩበታል። 250 ዋት የሚፈልግ የጌም ሣጥን ግን ከ10 ደቂቃ ያህል አያልፍም። ለፈተና የሚያጠና ልጅ በዚያች ሰዓት ጽሑፉን ይጨርሳል። ስለዚህ ከበጀቱ አስቀድሞ የሚነሣው የዩፒኤስ ዋጋ ነው፥ ፕሮሰሰሩ በተረፈው ይገዛ።

ባትሪው አብሮት ያለ ያገለገለ ላፕቶፕ አይሻልምን? የሚል ይኖራል። ወደ ትምህርት ቤት ይዞት ለሚመላለስ ሰው ይሻላል። ሦስት ልጆች ለሚፈራረቁበት ቤት ግን አንሻውም፤ የአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ደክሟል፥ ኪቦርዱ ሻይ ሲፈስበት ማሽኑን መፍታት ያስፈልጋል፥ የትንሿ ኮምፒዩተር ኪቦርድ ግን ተነቅሎ በሌላ ይተካል።

ወደ ደምበልም ሆነ ወደ ሌላ ገበያ የሚሄድ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ ወደ ባዮሱ ይግባ፤ በዴል ኤፍ 2፥ በኤችፒ ኤፍ 10፥ በሌኖቮ ኤፍ 1 ነው። የይለፍ ቃል ከጠየቀ የቀድሞው መሥሪያ ቤት ቁልፍ አልተነሣለትምና ይተወው። ሰዓቱና ቀኑ ከተዛቡ ግን አይደንግጥ፤ ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ አልቃ ሊሆን ይችላልና እርሷን ማስለወጥ ቀላል ነው።