የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ፦ ወጣቱ ለአእምሮ ሕመም እርዳታ ሲሻ

ለአእምሮ ሕመም እርዳታ የሚሻ ወጣት ከሐኪም ፊት ሲቀርብ የመጣበትን ጉዳይ በስሙ ጠርቶ የሚናገረው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚያነሣው ራስ ምታትን፣ የልብ ምት መፍጠንን፣ የጨጓራ ማቃጠልን ወይም እንቅልፍ ማጣትን ሲሆን፣ ድባቴም ሆነ ጭንቀት በሰውነት ላይ የሚገለጡበት እውነተኛ መንገድ በመሆኑ እንደ ማስመሰል ሊቆጠር አይገባም። ድባቴ ማለት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ቀኑን አብዛኛውን የሚቆይ የስሜት መውደቅ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ከነበረው ነገር ፍላጎት ማጣት፣ ከእንቅልፍ፣ ከምግብ ፍላጎትና ከትኩረት መዛባት ጋር ተደምሮ የዕለት ኑሮን የሚያውክ ሕመም ነው። የደም ማነስና የታይሮይድ ዕጢ መዛባትም ተቀራራቢ ምልክት ስለሚያሳዩ ሐኪሙ አስቀድሞ ሰውነትን ከልቡ ይመረምራል፤ ሕመሙ እንዳልተናቀበት ያየ ወጣትም ስለ ውስጡ መናገር ይቀለዋል።

ወጣቱ ብቻውን የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። እናት፣ ታላቅ ወንድም ወይም አጎት አብረው ይገቡና የሕመሙን ታሪክ ቀድመው ያወራሉ፤ ያስታመሙትና ጠበል ያደረሱት እነርሱ ናቸውና ሊደመጡ ይገባል። ሆኖም የጫት፣ የመጠጥ፣ የፍቅር ወይም ከትምህርት የመባረር ነገር በእናት ፊት አይነገርም። ስለዚህ የበሰለ ባለሙያ ቤተሰቡን በአክብሮት ካዳመጠ በኋላ፣ ማንኛውም ታካሚ ለጥቂት ጊዜ ብቻውን እንደሚታይ እንደ መደበኛ የሥራ ሥርዓት ይነግራቸዋል። ለወጣቱም የሚናገረው ነገር በምስጢር እንደሚጠበቅ፣ ሕይወቱን የሚያሰጋ ነገር ከተገኘ ግን ለቤተሰብ ማሳወቅ ግድ እንደሚሆን ገና ከመነሻው ይገልጽለታል፤ ገደቡ ሳይነገር የተገባ የምስጢር ቃል በኋላ ሲፈርስ ወጣቱን ከሕክምና ጨርሶ ያርቀዋል።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን ይጭራል የሚለው ፍርሃት በጀማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ቢሆንም በጥናት የተደገፈ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙዎች በመጠየቃቸው እፎይ ይላሉ። ጥያቄው በደረጃ ይቀርባል፦ መኖር አስጠልቶት እንደሆነ፣ ሞትን ተመኝቶ እንደሆነ፣ በመጨረሻም ዕቅድ ይዞ እንደሆነ። ዕቅድ ካለ ወጣቱ ብቻውን አይተውም፤ ጉዳት ሊያደርስበት የሚችል ነገርም ከቤት እንዲርቅ ለቤተሰቡ ይነገራል።

አዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ በመኖሩ፣ ስሙ በሕዝብ አንደበት የእብደት መጠሪያ እስከ መሆን ደርሶ ብዙ ወጣቶችን አስፈርቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ አገልግሎቱን ወደ ጤና ጣቢያዎች ለማውረድ ማቀዱ፣ ከዚህ ፍርሃት አንጻር ሲታይ እጅግ የሚደገፍ ነው። ጠበል የያዘውን ወጣት ከጠበልና ከመድኃኒት አንዱን ምረጥ ማለት ግን ሕክምናውን ያስተወዋል እንጂ ጠበሉን አያስተወውም፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችል መንገር ይበጃል።

ፀረ ድባቴ መድኃኒት ከታዘዘ፣ ማቅለሽለሽና መቅበጥበጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊመጡ ሲችሉ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ መሆኑ አስቀድሞ መነገር አለበት፤ ያልተነገረው ወጣት አልሠራልኝም ብሎ ይተወዋል። ዕድሜያቸው ከ25 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ በሕክምናው መጀመሪያ ሊጨምር ስለሚችል፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ከአንድ ሳምንት ባይዘገይ፣ ቢቀር የሚደወልበት ስልክና ስልኩን የሚያነሣው ሰውም በራሱ በወጣቱ ምርጫ ቢመዘገብ መልካም ነው።